የጀርመን ኒሻንና የጦርነት ፎቶ ስትገዙ፦ ዕቃውን ለብቻ፣ ወሬውን ለብቻ መመርመር

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ፊት ቆሜያለሁ። ሰሃን፣ ካሜራ፣ የቆመ ሰዓት ተደርድሯል። ከመካከላቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አለች። ሻጩ ጨርቁን ገለጥ አደረገልኝ። የጀርመን ወታደር ሲቆስል የሚሰጠው ባጅ ነው፤ ብርማው ዓይነት። «የአያቴ ነው። ስታሊንግራድ ላይ ቆስሎ ያገኘው» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። እኔም አንጀቴ ተላወሰ። 60 ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ በማጉያ አየሁት። ባጁ ላይ የተቀረጸው የብረት ቆብ ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ጠርዙን ዙሪያውን የሚከተል ስስ መስመር አለ። መስመሩን ለማጥፋት አንድ ሰው በሞረድ ፈግፍጎታል። ባጁ ብረት ቀልጦ የተቀዳበት ቅጂ ነው። ስታሊንግራድ ቀርቶ ጦርነቱንም አላየም።

ያን ቀን የገዛሁት ወሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም እሱን ላካፍላችሁ ነው። ዕቃውን ለብቻው እመረምራለሁ። ወሬውን ደግሞ ለብቻው። ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ወሬው የሚወድቅበት ጊዜ አለ። የሁለቱም ውሸት መሆንም አለ። ሁለቱም አልፈው ሲገናኙ ግን ደስታው ሌላ ነው።

ለምን ይህን ትሰበስባለህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ያደግኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ የአርበኛ አያቴ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ደረቱ ላይ ሦስት ኒሻን አለ። የትኛው ለምን እንደተሰጠው ሳንጠይቀው ሞተ። ጀርመን ስመጣ ሰው ሁሉ የአያቱን ኒሻን በካርቶን ሞልቶ ሲሸጥ አየሁ። ያው የኛው ቤት ታሪክ ነው፤ ስም ያልተጻፈበት፣ ጠያቂ ያላገኘ። ናዚዎችን ለማድነቅ የሚሰበስብ ሰው ካለ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አልተጻፈም። የተፈጸመውን በማስረጃ ይዞ ለማቆየት ለሚፈልግ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሕጉን እወቁ

ጀርመን ውስጥ ስዋስቲካ፣ ማለትም የናዚዎች ምልክት፣ ያለበትን ኒሻን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል አይደለም። በአደባባይ ማሳየትና ማሰራጨት ግን በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 86ሀ ያስጠይቃል። ሕጉ ለትምህርት፣ ለምርምር፣ ለሥነ ጥበብና ለታሪክ ዘገባ ይፈቅዳል። ገበያ ላይ ሻጮች ምልክቱ ላይ ትንሽ ወረቀት የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ወረቀቱን እዚያው ገበያ መሀል አትላጡት። ሻጩን ወደ ጥግ ጠርታችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ኦስትሪያ ከ1947 ጀምሮ የራሷ ጥብቅ ሕግ አላት። ሌላ አገር የምትኖሩ ደግሞ በፖስታ ከማስመጣታችሁ በፊት የዚያን አገር ሕግ አረጋግጡ። ትልልቅ የኢንተርኔት ገበያዎችም የራሳቸው ክልከላ አላቸው።

ከሕግ በላይ ሰው አለ። በተለይ እስራኤል ያላችሁ፣ ጎረቤታችሁ ከሆሎኮስት፣ ናዚዎች አይሁዶችን ከፈጁበት እልቂት፣ የተረፈ ሰው ወይም የእሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። የናዚ ዕቃ ሳሎን ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። እኔ የራሴን በተዘጋ መሳቢያ ነው የማስቀምጠው። የሚያየውም አስቀድሜ ምን እንደሆነ የነገርኩት ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ከቀላሉ ጀምሩ

ጀማሪ ሰው ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ኤስኤስ፣ ማለትም ወደ ናዚ ፓርቲው የራሱ ታጣቂ ድርጅት፣ ዕቃ ነው። እዚያ አትግቡ። በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ ፎርጅድ የሚሠራው በእሱ ላይ ነው፤ ዋጋው ሰማይ ስለነካ አስመሳዩም ይተጋበታል። እኔ ስንት ዓመት ሰብስቤ ዛሬም አልገዛም። የገንዘቡ ነገር ብቻም አይደለም። ያ ድርጅት የሠራውን እያወቅኩ ምልክቱን ቤቴ ማስገባት ልቤ አይፈቅድም።

መጀመሪያ የምመክራችሁ የሂንደንቡርግ መስቀል የሚባለውን ነው። በ1934 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሳታፊዎች የተደነገገ ሽልማት ነው። ስዋስቲካ የለበትም። ሦስት ዓይነት ነው። ጎራዴ ያለበት በግንባር ለተዋጉ፣ ጎራዴ የሌለበት ከግንባር ውጭ ላገለገሉ፣ ጥቁሩ ደግሞ ባል ለሞተባቸው ሚስቶችና ልጅ ለሞተባቸው ወላጆች። ለግንባር ወታደሮች ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሰጥቷል። ስለበዛ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ይገኛል። በዚህ ዋጋ የሚያስመስል ሰው ትርፍ የለውም። ስለዚህ አምስት ስድስት ገዝታችሁ ዓይናችሁን ማሠልጠን ትችላላችሁ። እውነተኛ ዕቃ እጅ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጠርዙ እንዴት እንደሚሰማ፣ ዝገቱ ምን እንደሚመስል ካላወቃችሁ ፎርጅዱን ከምን ታነጻጽሩታላችሁ?

ሽልማቱ በማመልከቻ የሚገኝ ስለነበረ የምስክር ወረቀቱ ላይ ስም፣ ቦታና ቀን ተጽፏል። መስቀሉን ከወረቀቱ ጋር ካገኛችሁት አንድ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። እኔ ጥቁሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ ጊዜ አግኝቻለሁ። ለአንዲት እናት የተሰጠ ነው። ከማውቃቸው ውድ ኒሻኖች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ሦስተኛ፦ መሣሪያችሁን ያዙ

ብዙ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ሚሊሜትር በትክክል የሚለካ ካሊፐር፣ የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን። ለፎቶ ደግሞ ስስ ጓንት። ይህ ሁሉ አንድ የጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ግዙ ብባል ማጉያውን እላለሁ።

አራተኛ፦ ብረቱን አንብቡ

እውነተኛ ኒሻንና ባጅ በአብዛኛው የተሠራው በጠንካራ ብረት ላይ በተቀረጸ ማተሚያ በከባድ ግፊት ተመትቶ ነው። ስለዚህ መስመሩ ስል ነው። የንስሩ ላባ፣ የቅጠሉ ሥር፣ የቆቡ ጠርዝ ጥርት ብለው ይታያሉ። ርካሹ ፎርጅድ ግን ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ፣ ብረት ቀልጦ ይፈስበታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ቅጂው ከእናቱ ትንሽ ያንሳል። ካሊፐር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አየር ያዘባቸው ቦታዎች ጥቃቅን ቀዳዳ ይሆናሉ። ዝርዝሩም ሳሙና ላይ እንደተቀረጸ ይለሰልሳል።

ማጉያውን በቀጥታ የንስሩ ወይም የቆቡ መሀል ላይ አታድርጉት። አስመሳዩም በጣም የሚጠነቀቀው ለእሱ ነው። ጥግ ጥጉን እዩ፤ ቅጠሎቹ የሚደራረቡበትን ስንጥቅ፣ የጀርባውን መርፌ ሥር፣ የጠርዙን ጎን።

ቀጥሎ ማርጀቱን እዩ። ኒሻን የሚያረጀው በምክንያት ነው። መጀመሪያ የሚፋቀው ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ የንስሩ ደረት፣ የአበባ ጉንጉኑ ጫፍ። ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም ይቀራል። የጀርባው መርፌ ከመያዣው ጋር የሚነካካበት ቦታ ይላጫል። አሲድ ተቀብቶ ያረጀ ፎርጅድ ግን ከፍታውም ጉድጓዱም እኩል ያረጃል። ማን ነው ኒሻኑን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የፈገፈገው? ይህን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ።

ማቴሪያሉም ይናገራል። በጦርነቱ መጀመሪያ ባጆች የሚሠሩት ከመዳብ ቅይጥ ነበር፤ ከበድ ያሉና ቀለማቸው የሚቆይ ናቸው። ጦርነቱ ሲረዝም መዳብ ለጥይት ተፈለገ፤ ባጅ ወደ ዚንክ ዞረ። ዚንክ ላይ የተቀባ ብርማ ወይም ነሐስማ ቀለም ከጊዜ ጋር እየተዋጠ ይጠፋና ግራጫ ይቀራል። ብዙ ጀማሪዎች ግራጫውን አይተው «ይህ አርቴፊሻል ነው» ብለው ያልፉታል። ግራጫ ዚንክ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። ዚንክ ላይ እንደ አዲስ የሚያበራ ብር ካያችሁ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

የብረት መስቀሉን አብረን እንፍታው

በጣም የሚፈለገው እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ።

የብረት መስቀል በ1813 የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሣልሳዊ ናፖሊዮንን ሲወጋ የመሠረተው ነው። ንድፉ የአርክቴክቱ የካርል ፍሪድሪሽ ሺንከል ነው። በ1870፣ በ1914 እና በ1939 እንደገና ታውጇል። የ1914ቱ ፊቱ ላይ ደብልዩ ፊደል፣ ከላይ ዘውድ፣ ከታች ዓመቱ አለ። መስቀሉ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ አለው፤ በሪባን የሚንጠለጠለው የሁለተኛ ደረጃው ጀርባ ላይ የባሉጥ ቅጠልና 1813 ይታያል። የ1939ኙ ፊት ላይ ስዋስቲካና 1939፣ ጀርባው ላይ 1813 ብቻ አለ። የሁለተኛ ደረጃው ስፋት በ1914ቱ ወደ 42 ሚሊሜትር፣ በ1939ኙ ወደ 44 ሚሊሜትር ነው።

አሁን እጃችሁ ላይ አንድ መስቀል አለ እንበል። ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙሩ። ትክክለኛው መስቀል ሦስት ቁራጭ ነው። መሀል ላይ ጥቁር የተቀባ ብረት አለ። ከፊትና ከኋላ ሁለት ብርማ ክፈፎች ይዘውታል። ክፈፎቹ ጎን ላይ ተገናኝተው ተበይደዋል፤ የብየዳው መስመር ስስ ሆኖ፣ በጥንቃቄ ተሞርዶ፣ ግን በማጉያ ይገኛል። ጥቁሩ ብረትና ክፈፉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ማየት አለባችሁ። አቧራና የኒሻን ማጽጃ ቅሪት የሚገባው እዚያ ነው። ያ ክፍተት ከሌለ፣ ጥቁሩና ብርማው አንድ ሥጋ ከሆኑ፣ መስቀሉ አንድ ላይ ተቀድቶ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው። መልሱለት።

ማግኔቱን አስጠጉ። መሀሉ ብረት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ዛሬ የሚሠራው ጥሩ ፎርጅድም ውስጡ ብረት ነው። ማግኔት የማይይዙ እውነተኛ መስቀሎችም አሉ። ማግኔት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

የክፈፉን ጥርሶች እዩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብለው የተደረደሩ ጥቃቅን ጉብታዎች ናቸው። ወደ ማዕዘኑ ሲደርሱ ከተድበሰበሱ ወይም ከተዋጡ ጠርጥሩ።

ከዚያ ቀለበቱን እዩ። ብዙ የ1939 መስቀሎች የሪባኑ ቀለበት ላይ ቁጥር አላቸው፤ የሠሪው መለያ ነው። ለምሳሌ 4 ቁጥር ሉደንሻይድ ከተማ የነበረው የሽታይንሃወር ኡንድ ሉክ ነው። ይኸው ፋብሪካ ለግል ገዢ በሚሸጠው ላይ ኤል/16 ይመታ ነበር። ኤል ያለበት ምልክት የመጣው በ1941 የኒሻን ሠሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ነው። እንግዲህ ሻጩ «አያቴ በ1940 ፈረንሳይ ላይ ሲሸለም በእጁ የተሰጠው ይኸው ነው» ቢላችሁና ቀለበቱ ላይ ኤል/16 ካገኛችሁ፣ ዕቃው እውነተኛ ሆኖ ወሬው ወደቀ። አያቱ የጠፋበትን ለመተካት በኋላ ገዝቶ ይሆናል። ሻጩ ላይሆን ይችላል የዋሸው። ግን እናንተ ማስታወሻችሁ ላይ የምትጽፉት ያያችሁትን ነው።

አስመሳዮችም ቁጥር መምታት ያውቃሉ። ቁጥር ማረጋገጫ የሚሆነው የዚያ ፋብሪካ ሌሎች እውነተኛ መስቀሎች ላይ ካለው የአኃዝ ቅርጽና የክፈፍ አሠራር ጋር ሲገጥም ነው። የ1939ኙን 3 እና 9 ቅርጽ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አነጻጽሩ።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ባወጣችው ሕግ የቀድሞ ወታደሮች ኒሻናቸውን ያለ ስዋስቲካ እንዲያደርጉ ተፈቀደ። በስዋስቲካው ቦታ የባሉጥ ቅጠል የገባበት፣ ከታች 1939 የሚል የብረት መስቀል ካያችሁ የዚያ ነው። ፎርጅድ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ግን አልነበረም። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ከጦርነቱ በኋላ በድሮው ማተሚያቸው መሥራት ቀጥለዋል። የቪየናው ሱቫል በዚህ ይታወቃል። ማተሚያው እውነተኛ፣ ዘመኑ ግን ሌላ። እንዲህ ያለውን የሚለየው ማቴሪያሉና የጀርባው መርፌና መያዣ ነው።

አምስተኛ፦ ጨርቅና ክር

የደረት ንስር፣ የኮሌታ ምልክት፣ የትከሻ ማዕረግ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የአልትራቫዮሌት ባትሪውን አብሩ፣ ክፍሉን አጨልሙ። የድሮ ጥጥና ሱፍ ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። የዛሬ ሰው ሠራሽ ክር ግን ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይቦግጋል። ቦገገ ብላችሁ ወዲያው አትፍረዱ፤ እውነተኛ ጨርቅ በዛሬ የልብስ ሳሙና ከታጠበም ይቦግጋል። ስለዚህ ገልብጣችሁ የስፌት ክሩንና ከታጠፈው ሥር ያለውን አንብቡ። የመኮንን ምልክት በአሉሚኒየም ክር ይሠራ ነበር፤ ከዕድሜ ብዛት ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል።

የትከሻ ማዕረግ ዙሪያ ያለው ቀለም ክፍሉን ይነግራል። ነጭ እግረኛ፣ ቀይ መድፈኛ፣ ሮዝ ታንከኛ፣ ሎሚ ቢጫ መገናኛ፣ ጥቁር መሐንዲስ። ሻጩ «የታንከኛ ነው» እያለ ዙሪያው ነጭ ከሆነ ወሬው እዚያው ተሰበረ።

ስድስተኛ፦ ወረቀት

ኒሻን ስም የለውም። ስም የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወታደሩ ግንባር ይዞት የሚሄደው ደብተር ዞልድቡክ ይባላል። ገጽ 22 ላይ የተሰጡት ሽልማቶች ይመዘገባሉ። ኒሻንና ደብተር አብረው ከቀረቡላችሁ በቀጥታ ገጽ 22ን ግለጡ። እያንዳንዱ መስመር በተለያየ ቀን ስለተጻፈ ቀለሙና የእጅ ጽሑፉ መለያየት አለበት። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ በአንድ እጅ ከተጻፈ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሞልቶት ሊሆን ይችላልና ጠርጥሩ።

ወረቀቱን ገልብጡትና ጣታችሁን አስኪዱበት። የጽሕፈት መኪና ወረቀቱን ይመታል፤ ከጀርባ ይሻክራል። የኮምፒውተር ፕሪንተር አይሻክርም፤ በማጉያም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ሰባተኛ፦ ፎቶ

አሁን ወደምወደው መጣን።

የጀርመን ወታደሮች ብዙዎቹ የራሳቸው ካሜራ ነበራቸው። ለዚህ ነው በየገበያው ፎቶ በካርቶን ሙሉ የሚገኘው። መጀመሪያ ወረቀቱን እንመርምር። በዘመኑ የታጠበ ፎቶ በማጉያ ሲታይ ጥላው ሳይቆራረጥ ከጥቁር ወደ ነጭ ይሄዳል። ነጥብ ካያችሁ የማተሚያ ቤት ወይም የፕሪንተር ሥራ ነው። ጨለማው ክፍል ጠርዝ ላይ፣ ፎቶውን ስታዘነብሉት፣ ሰማያዊ የብር ወዝ ብቅ ሊል ይችላል። ብሩ ከዕድሜ ብዛት ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ጀርባውን ገልብጡ። አግፋ፣ ሌዮናር፣ ሚሞዛ የሚሉ የወረቀት ፋብሪካ ስሞች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። የጥቁር አልበም ወረቀት ከነሙጫው ተቀድዶ ተለጥፎ ይገኛል። ከ6 በ9 ሴንቲሜትር ጀምሮ ትንንሽ መጠኖች የተለመዱ ናቸው። ጠርዙ የተዘነጣጠለ ጌጥ ይኖረዋል።

አልትራቫዮሌቱን አብሩ። ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል ፎቶ ወረቀት ውስጥ መግባት የተለመደው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ፎቶው ነጭ ሆኖ ከበራ ከጦርነቱ በኋላ የታጠበ ነው። ምስሉ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው መውረድ አለበት። በ2008 የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት፣ ቡንደስአርኪቭ፣ ከ80 ሺህ በላይ ፎቶዎችን በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል። ለታሪክ ወዳጅ ትልቅ ስጦታ ነው። አስመሳዩም ግን ከዚያ አውርዶ ማተም ይችላል። «ከአያቴ አልበም» የተባለ በጣም የሚያምር ፎቶ ካያችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በስልካችሁ አንስታችሁ በምስል ፈልጉት።

ከዚያ የእጅ ጽሑፉ። በኳስ እስክሪብቶ የተጻፈ መግለጫ በጦርነቱ ጊዜ አልተጻፈም፤ ያ እስክሪብቶ በጀርመን የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ዙተርሊን የሚባለው የድሮ የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ደግሞ በትምህርት ቤት እንዲቀር የታዘዘው በ1941 ነው። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው እስኪሞት ድረስ ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ዙተርሊን መሆኑ ብቻ ዘመኑን አይወስንም።

አሁን ምስሉ ውስጥ ግቡ። ፎቶው ተገልብጦ ታጥቦ እንደሆነ ለማወቅ ደረቱን እዩ። የምድር ጦሩ ንስር በወታደሩ ቀኝ ደረት ላይ ነው፤ እናንተ ስታዩት በግራችሁ በኩል ይሆናል። አንደኛ ደረጃ የብረት መስቀልና የቁስለኛ ባጅ በግራ ደረቱ ነው። ተገላቢጦሽ ካያችሁ ኔጋቲቩ ተገልብጧል።

ቆቡን እዩ። የብረት ቆብ ወደ ጀርመን ጦር የገባው በ1916 ነው። ጫፉ ሾጣጣ የሆነው የቆዳ ቆብ ከዚያ በፊት ነበር። ከፊት ምላስ ያለው የሜዳ ቆብ ለመላው ምድር ጦር የታደለው በ1943 ነው። የተራራ ጦሩና አፍሪካ የዘመተው ጦር ግን ተመሳሳይ ቆብ ቀደም ብለውም ነበራቸው። እዚህ ላይ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ቆቡን ብቻ አይታችሁ ዓመት አትጻፉ።

የፎቶ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1995 የሐምቡርግ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም የጀርመን መደበኛ ጦር በምሥራቅ አውሮፓ የፈጸመውን ወንጀል የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ከፈተ። አገሪቱን ያንቀጠቀጠ ኤግዚቢሽን ነበር። ብዙ ጀርመናዊ እስከዚያ ድረስ ወንጀሉን የኤስኤስ ብቻ አድርጎ ነበር የሚያስበው። በኋላ ግን ፖላንዳዊው የታሪክ ምሁር ቦግዳን ሙሺያውና ሌሎች አንዳንድ ፎቶዎች ላይ ጥያቄ አነሱ። ፎቶዎቹ ላይ የሚታዩት አስከሬኖች ጀርመኖች ከመድረሳቸው በፊት የሶቪየት የጸጥታ ፖሊስ እስር ቤት ውስጥ የገደላቸው ሰዎች ነበሩ። በ1999 ኤግዚቢሽኑ ቆመ። የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ1400 በላይ ፎቶዎችን መረመረ። ቦታቸው እዚያ ያልሆኑት ከ20 በታች ሆኑ። የኤግዚቢሽኑ ዋና ነጥብ ትክክል እንደነበር ኮሚሽኑ አረጋገጠ። በ2001 ተስተካክሎ እንደገና ተከፈተ።

አስቡት። ፎቶዎቹ ፎርጅድ አልነበሩም። ወረቀቱም ምስሉም እውነተኛ ነው። የተሳሳተው ሥር የተጻፈው ነው። በጥቂት ስህተት ምክንያት ወንጀሉን መካድ የሚፈልጉ ሰዎች ለዓመታት የሚናገሩት ነገር አገኙ። እኔ እያንዳንዱን መግለጫ ደጋግሜ የማጣራው ይህን ስለማውቅ ነው።

ስምንተኛ፦ የማይገዛ ነገር

የወታደር መታወቂያ ሞላላ ብረት አለ። መሀሉ ላይ ለመሰበር የተበሳሳ ነው፤ ሁለቱም ወገን ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ወታደሩ ሲሞት አንዱ ግማሽ ይሰበርና ይወሰዳል፣ ሌላው ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል። አፈር የበላው፣ ያልተሰበረ ሙሉ መታወቂያ ገበያ ላይ ካያችሁ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው መቃብር ተቆፍሮ ሊሆን ይችላል። ያን ብረት ያነሱበት ሰው ለዘላለም ስም አልባ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ ከገባ በ1919 ለተመሠረተው የጀርመን የጦር መቃብር ተንከባካቢ ማኅበር፣ ለፎልክስቡንድ፣ አሳውቁ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እየጠበቀ ይሆናል።

ግድያ፣ ስቅላት፣ የታሰሩ ሰላማዊ ሰዎች የሚታዩበት ፎቶም አለ። ለዚህ ብዙ የሚከፍሉ ገዢዎች አሉ። እኔ አልሸጥም፣ አልለውጥም። አንድ አልበም ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ብታገኙ ከአልበሙ አትንቀሉት። ከጎኑ ያሉት ፎቶዎች ቦታውንና ክፍሉን የሚነግሩ ማስረጃዎች ናቸው። አልበሙን እንዳለ ኢየሩሳሌም ላለው የሆሎኮስት መታሰቢያ፣ ለያድ ቫሼም፣ ወይም ዋሽንግተን ላለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም አሳዩ።

ዘጠነኛ፦ አያያዝ

ኒሻን አትወልውሉ። የሰማንያ ዓመት ወዙ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል፣ አይመለስም። የባሉጥ ሣጥን ያምራል፤ ግን ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ዚንክን ይበላል። የሚሸት ለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክም እንደዚያው ፎቶ ያበላሻል። ከአሲድ ነፃ ወረቀትና ፖሊስተር ኪስ ይሻላል። ፎቶ ላይ ፕላስተር አይለጠፍም። ጀርባው ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ ብቻ።

ከሁሉ የሚበልጠው ካርዱ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ትንሽ ካርድ አለኝ። ለሁለት ተከፍሏል። በአንድ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው በኩል «የተነገረኝ»። አንዱን ልቅዳላችሁ። ባለፈው ክረምት ከአንዲት ሴትዮ የገዛሁት ፎቶ ነው።

የተነገረኝ፦ አባቷ ናቸው። ጀርባው ላይ «ሩሲያ 1941» ይላል።

ያየሁት፦ 6 በ9 ሴንቲሜትር። የአግፋ ወረቀት። በአልትራቫዮሌት አይበራም። ሁለተኛው ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ሪባን አለ። የብረት መስቀል ሪባን ቢሆን ነጩ መስመር ወደ ሁለቱ ጠርዝ ይጠጋ ነበር። የዚህ ግን ዙሪያው ጠቆር ብሎ፣ ቀጭን ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ መስመር መሀሉ ላይ ነው። ይህ ሩሲያ ላይ የመጀመሪያውን ክረምት ላሳለፉ የተሰጠው፣ ወታደሮቹ «የበረዶ ሥጋ ኒሻን» እያሉ የሚጠሩት የምሥራቅ ሜዳሊያ ሪባን ነው። የተደነገገው በግንቦት 1942 ነው። ፎቶው ከዚያ በፊት ሊነሣ አይችልም። ጽሑፉ በኳስ እስክሪብቶ ነው።

ሴትዮዋን ደውዬ ጠየቅኳት። ጽሑፉ የእናቷ ነው፤ አባቷ ከሞቱ በኋላ አልበሙን ስታስተካክል የጻፈችው። 1941 አባቷ ከቤት የወጡበት ዓመት ነው። እናቷ የምታስታውሰው ያን ነበር። በካርዱ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ጻፍኩ። የእናቲቱን ጽሑፍም አልፋቅኩትም።